ያ ሲጮህ የምናየው ሂትለር፦ ተዋናዩ ሌላ ምን ሰርቷል?

የቃዛንቺሱ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያቺን ቪዲዮ የማያውቅ ሰው እዚህ ያለ አይመስለኝም። ሂትለር ምድር ቤት ውስጥ ካርታ የተዘረጋበት ጠረጴዛ ጋ ተቀምጧል። በሚንቀጠቀጥ እጁ መነጽሩን ቀስ ብሎ ያወልቅና ከጥቂት ሰዎች በስተቀር ሌላው እንዲወጣ ያዛል። ከዛ ጩኸቱ ይጀምራል። ሰው ደግሞ ከስሩ የፈለገውን ጽሑፍ ይለጥፍበታል፤ የመብራት መጥፋት፣ የአርሴናል መሸነፍ፣ የቤት ኪራይ ጭማሪ፣ ምን የቀረ አለ።

እኔም እንደ ሰው ስስቅበት ነው የኖርኩት። ሰሞኑን ግን ዋናውን ፊልም አገኘሁትና ቁጭ ብዬ አየሁት። ዳውንፎል ይባላል፣ የ2004 የጀርመን ፊልም ነው። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ነው ግን ሳላውቀው አለቀ። ጩኸቱን ስለለመድኩት አልደነቀኝም። ለጸሐፊዋ በለሰለሰ ድምፅ ሲያወራ፣ ግራ እጁ ከወገቡ ጀርባ ብቻውን ሲንቀጠቀጥ፣ ለውሻው ሲሳሳ፣ ወዲያው ደግሞ ስለ ገዛ ሕዝቡ እልቂት እንደ ተራ ነገር ሲናገር ግን በቃ ሰውነቴን ወረረኝ።

ተዋናዩ ብሩኖ ጋንዝ ይባላል። ስዊዘርላንዳዊ ነው፣ በ2019 አርፏል። ከዚህ በላይ የማውቀው የለኝም። ከዛ በፊት ምን ይሰራ ነበር? ከመሬት ተነስቶ እንዲህ የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም። ደግሞ አንዴ ሂትለርን ከሆኑ በኋላ ሌላ ሰው መሆን ይቻላል እንዴ? ከየትኛው ፊልሙስ ልቀጥል?


ሚጡ ዘመድረክ፦

እኔ ያጠናሁት ቴአትር ስለሆነ ከመድረኩ ልጀምር። ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ጋንዝን በግማሽ ነው የሚያውቀው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

በ1941 ዙሪክ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ስዊዘርላንዳዊ መካኒክ ነው፣ እናቱ ከሰሜን ጣሊያን። ይሄን የእናቱን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል። ትምህርቱን ሳይጨርስ ተዋናይ እሆናለሁ ብሎ ወጣ። እስኪሳካለት ድረስ መጽሐፍ መደብር ውስጥ ሻጭ ሆኗል፣ የአምቡላንስ ረዳትነትም ሞክሯል። በ60ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጀርመን ተሻገረ። መጀመሪያ ጎቲንገን፣ ከዛ ብሬመን። ብሬመን በዛን ጊዜ የአዲሱ ትውልድ ቴአትር የሚፈላባት ከተማ ነበረች፤ ፒተር ዛዴክና ፒተር ሽታይን የሚባሉት አዘጋጆች እዛ ነበሩ።

ዋናው ነገር ግን 1970 ነው። ሽታይን ወጣት ተዋናዮቹን ይዞ ምዕራብ በርሊን ገባና ሻውቡኔ የሚባለውን ቴአትር ቤት አዲስ አድርገው ጀመሩት። ጋንዝ ከመሥራቾቹ አንዱ ነው። ቤቱ ያኔ የሚመራው በስብሰባ ነበር። የትኛው ተውኔት ይሠራ፣ ማን ምን ይጫወት፣ ሁሉም ሠራተኛ ይናገራል፣ ይከራከራል። አንድ ተውኔት ከመድረክ በፊት ለወራት ይነበባል፣ ታሪኩ ይጠናል፣ ዘመኑ ይጠናል። በ1971 የኖርዌዩን ደራሲ የኢብሰንን ተውኔት ፔር ጊንትን ሲሠሩት ለሁለት ምሽት የሚታይ ነበር፣ ዋናውንም ገጸ ባሕርይ ለብዙ ተዋናዮች ነው ያከፋፈሉት። አስቡት እስቲ፣ ያን የሚያህል ተዋናይ ይዘህ "አንተ ይቺን ቁራጭ ብቻ ነህ" ማለት! እኛ ጋ ቢሆን ዋናው ተዋናይ በማግስቱ ስልኩን ያጠፋል።

እኔ እንደማስበው ዳውንፎል ላይ ያየኸው ዝግጅት የተማረው እዛ ነው። ሌላው ሲናገር እንዴት እንደሚያዳምጥ ደግመህ እየው። ብዙ ተዋናይ ሌላው ሲናገር የራሱን ተራ ነው የሚጠብቀው።


የድሮ ሰው ከፍራንክፈርት፦

ልጆች፣ ጥሩ ጨዋታ ይዛችኋል። ሚጡ የተናገረችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የፊልሙን ልጨምር።

ጋንዝ ፊልም ላይ በደንብ የታወቀው ሠላሳዎቹን ካጋመሰ በኋላ ነው። በ1976 ፈረንሳዊው ኤሪክ ሮመር በሠራው የማርኪዝ ኦ ታሪክ የጀርመን ፊልም ሽልማት አገኘ። በማግስቱ ዓመት ጀርመናዊው ዳይሬክተር ቪም ቬንደርስ ዘ አሜሪካን ፍሬንድ ላይ ከአሜሪካዊው ተዋናይ ከዴኒስ ሆፐር ጋር አገናኘው። ጋንዝ ሐምቡርግ ውስጥ የሥዕል ፍሬም የሚሠራ፣ የደም ካንሰር የያዘው የቤተሰብ አባት ነው። ትሞታለህ ይሉታል፣ ለሚስትህና ለልጅህ ገንዘብ እንድትተው ሰው ግደል ይሉታል። ሆፐር የመጣው ፊሊፒንስ ውስጥ ከአፖካሊፕስ ናው ቀረጻ በቀጥታ ነው፣ ምን ዓይነት ሁኔታ ላይ እንደነበር ገምቱት። ጋንዝ በበኩሉ እያንዳንዷን ነገር አጥንቶና አሰላስሎ የመጣ የመድረክ ሰው። ተያዩ፣ አልተዋደዱም፣ ቀረጻው ላይ በቡጢ ተማቱ። ከዛ አብረው ጠጥተው አድረው ወዳጅ ሆነው ተመለሱ። ቬንደርስ ራሱ ደጋግሞ የሚያወራው ታሪክ ነው። ፊልሙን ስታዩት ሁለቱ ሰዎች እየተፈራሩ የሚቀራረቡበት መንገድ ትወና ብቻ እንዳልሆነ ያስታውቃል።

ከዛ 1987። ዊንግስ ኦፍ ዲዛየር። የበርሊኑ ግንብ ገና አልፈረሰም። ጋንዝ ዳሚኤል የሚባል መልአክ ነው። ረጅም ጥቁር ካፖርት ለብሶ፣ ፀጉሩን ወደኋላ አስሮ፣ ከተማዋን እየዞረ የሰዎችን ሐሳብ ይሰማል። ባቡር ውስጥ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ድልድይ ላይ በሞተር ሳይክል አደጋ የሚሞት ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ ራሱን ደግፎ ይይዘዋል። ማዳን ግን አይችልም። መላእክቱ የሚያዩት ዓለም ጥቁርና ነጭ ነው፣ የሰው ዓለም ደግሞ ባለ ቀለም። በመጨረሻ ዳሚኤል ሰርከስ ላይ የምትበር አንዲት ሴት ወድዶ ሰው ይሆናል። ጭንቅላቱ ይደማና ደሙን ይቀምሰዋል፣ ቀለሙን አላፊ አግዳሚውን ይጠይቃል፣ ቡና ገዝቶ በሁለት እጁ ይዞ ይስቃል። እኔ በወጣትነቴ ነው ያየሁት፣ ያን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ኮሎምቦ የሚባለውን መርማሪ የምታውቁ ካላችሁ፣ ፒተር ፎልክም ራሱን ሆኖ አለበት። ቬንደርስ በዚህ ፊልም የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ወሰደ።

ጋንዝ በኋላ ሲናገር ሰዎች ከፊልሙ የተነሳ የእውነት ጠባቂ መልአክ ያደርጉት ጀመር። ልጆቻቸውን ባርክልን በሚል ዓይነት ወደሱ ያቀርቡ ነበር ብሏል። እንግዲህ የቃዛንቺሱ፣ ሂትለርን ከሆኑ በኋላ ሌላ ሰው መሆን ይቻላል ወይ ላልከው፣ እሱ ከመልአክነት ነው ወደዛ የወረደው።


ፖፕኮርን፦

ቆይ ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ አንኖውን ላይ አለ እኮ! የሊያም ኒሰኑ፣ 2011፣ በርሊን ውስጥ ማንነቱ የጠፋበት። ጋንዝ ማለት እዛ ውስጥ ያ ሽማግሌ የድሮ የምሥራቅ ጀርመን ሰላይ ነው። እኔ ሙሉ ፊልሙን ረስቼዋለሁ፣ መኪና ማሳደዱን ምኑን፣ የሱን አንድ ትዕይንት ግን ሙሉ በሙሉ አስታውሰዋለሁ። ፍራንክ ላንጄላ ቤቱ ይመጣል። ሁለት ሽማግሎች በጨዋ ደንብ ቡና ይዘው ይጨዋወታሉ። ሊገድለው እንደመጣ ጋንዝ ገብቶታል። ከዛ ምን እንደሚያደርግ አልነግራችሁም፣ ያላያችሁ እዩት። አክሽን ፊልም ውስጥ እንደዛ ዓይነት ነገር ትጠብቃለህ? ስሙን ሳላውቀው አድናቂው ነበርኩ ለካ።


የቃዛንቺሱ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው የነገሩኝ። ፖፕኮርን፣ አንኖውንን አይቼዋለሁ፣ ያቺን ትዕይንትም አስታወስኳት አሁን! እሱ መሆኑን ግን በምን ልወቅ፣ ምንም አይመሳሰሉም።

ሚጡ፣ ለሂትለሩ እንዴት እንደተዘጋጀ የምታውቂው አለ? ያ የእጁ መንቀጥቀጥ ከየት መጣ?


ሚጡ ዘመድረክ፦

አለ። ሂትለር በመጨረሻዎቹ ዓመታት ፓርኪንሰን የሚባለው የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ሳይይዘው አልቀረም የሚሉ ሐኪሞች ብዙ ናቸው። ጋንዝ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሆስፒታል ሄዶ የፓርኪንሰን ሕመምተኞችን ተመልክቷል። እጅ ብቻ እንዳይመስልህ፣ አረማመዱን እይ፣ ከወንበር ሲነሳ እይ፣ ትከሻው እንዴት እንደታሰረ እይ።

ድምፁ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የሂትለርን ድምፅ ዓለም የሚያውቀው ከአደባባይ ንግግር ነው፣ ማለትም ከጩኸት። በሰኔ 1942 ግን ሂትለር ፊንላንድ ሄዶ የአገሪቱን ጦር አዛዥ ማርሻል ማነርሃይምን ሲያገኝ አንድ የፊንላንድ ሬዲዮ ባለሙያ በስውር 11 ደቂቃ ያህል ቀድቶታል። ሰውየው እዛ ላይ ወፈር ባለ ረጋ ባለ ድምፅ ነው የሚያወራው፣ እንደ ማንም ሽማግሌ። ጋንዝ ያን ቅጂ ደጋግሞ ሰምቶ ነው የሠራው። አንተን የወረረህ ያ ለጸሐፊዋ የሚናገርበት ድምፅ ከዛ የመጣ ነው።

ሂትለርን ከሆኑ በኋላ ሌላ ሰው መሆን ይቻላል ወይ ላልከው፣ ስዊዘርላንዳዊ መሆኑ እንደረዳው ተናግሯል። ፓስፖርቱን በራሱና በሂትለር መሃል ማስቀመጥ ችሏል። ጀርመናዊ ቢሆን ኖሮ ከባድ ይሆን ነበር ማለቱ ነው።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። በ1978 ዘ ቦይስ ፍሮም ብራዚል የሚል የሆሊውድ ፊልም ነበር፣ ግሪጎሪ ፔክና ሎረንስ ኦሊቪዬ ያሉበት። ታሪኩ ናዚዎች ከሂትለር ሴል ሕፃናት ስለማባዛታቸው ነው። ይሄ ማባዛት በሳይንስ እንዴት እንደሚሆን ለኦሊቪዬ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ፕሮፌሰር ማነው? ጋንዝ። ከ26 ዓመት በኋላ ራሱ ሂትለር ሆነ።


ዝምተኛው፦

ሁላችሁም ስታወድሱ አነበብኩ። እኔ ፊልሙን አልወደድኩትም። ትወናው ትልቅ ነው፣ አልክድም። ችግሬ እሱ ነው ራሱ። ተዋናዩ በጣም ጎበዝ ስለሆነ ሳላስበው አዘንኩለት። እጁ ሲንቀጠቀጥ አዘንኩ፣ ብቻውን ሲቀር አዘንኩ። ከዛ ፊልሙን አቁሜ "ለማን ነው የማዝነው?" አልኩ። የገደላቸው ሚሊዮኖች እኮ እዛ ፊልም ውስጥ ፊት የላቸውም።


የድሮ ሰው ከፍራንክፈርት፦

ዝምተኛው፣ ብቻህን አይደለህም። ፊልሙ ሲወጣ እዚህ ጀርመን ለወራት የተከራከርንበት ነገር ነው። ከሁሉ ጠንከር አድርጎ የተቸው ደግሞ ማን መሰለህ? ያው ቬንደርስ! ጋንዝን መልአክ ያደረገው ሰው። ዲ ሳይት ጋዜጣ ላይ ረጅም ጽሑፍ አወጣ። ፊልሙ አቋም የለውም፣ ከማን ዓይን እንደሚያይ አያውቅም አለ። በተለይ አንድ ነገር አበሳጨው፤ ፊልሙ የሌላውን ሰው ሞት ሁሉ ፊት ለፊት እያሳየ ሂትለር ሲሞት ግን በሩን ይዘጋል። ለምን ይሄን ሰው ሲሞት አናየውም፣ ለምን ይሄን ክብር ሰጣችሁት ነው ጥያቄው። እኔ በዚህ ነጥብ ከቬንደርስ ጋር ነኝ።

በትወናው ግን ከአንተ እለያለሁ። ማዘንህ ያስፈራህ ይመስለኛል፣ ያስፈራም። እኔ ወጣት ሆኜ እዚህ ስመጣ ያን ዘመን የኖሩ ሽማግሎች ገና ብዙ ነበሩ፣ "እሱ ጭራቅ ነበር" ይሉና ወሬውን ይቆርጡታል። ጭራቅ ከሆነ የተከተሉት ሰዎች ምን ያድርጉ፣ ጥፋቱ ሁሉ የጭራቁ ይሆናል። ጋንዝ ያን መሸሸጊያ ነው የወሰደባቸው።


ዝምተኛው፦

ጋሼ፣ ያሉት ይገባኛል። ግን ሁለተኛ አላየውም 🙂


ፖፕኮርን፦

ሚሞቹን፣ ያን ጽሑፍ እየለጠፍን የምንቀልድባቸውን ቪዲዮዎች፣ ግን ምን ይል ነበር? ሰውየው ያን ያህል ለፍቶ እኛ የአርሴናል መቀለጃ ስናደርገው?


ሚጡ ዘመድረክ፦

ዳይሬክተሩ ኦሊቨር ሂርሽቢገል እንደሚወዳቸው ተናግሯል፣ ብዙዎቹን አይቶ ስቋል። ፊልሙን የሠራው ድርጅት ግን በ2010 ቪዲዮዎቹን ከዩቲዩብ ማስወረድ ጀምሮ ነበር። ያኔ ሰው ምን አደረገ፣ ሂትለር ቪዲዮው ከዩቲዩብ ወረደ ተብሎ ሲነገረው የሚጮህበት ሌላ ቪዲዮ ሠራ።

ሚሙ የሚሠራበት ምክንያት ራሱ ትወናው ነው በነገራችን ላይ። ድምፁን ዘግታችሁ እዩት። ቁጣው ደረጃ አለው። ይጮሃል፣ ይደክመዋል፣ ይቀመጣል፣ ድምፁ ይወርዳል፣ እንደገና ይነሳል፣ በመጨረሻ ያለቀለት መሆኑን ለራሱ ይናገራል። የፈለጋችሁትን ታሪክ ብትጭኑበት ይሸከማል።

አሁን የእናቱን፣ የጣሊያንን ነገር ላምጣው። ዳውንፎልን አይቶ የደነገጠ ሰው ቀጥሎ ብሬድ ኤንድ ቱሊፕስን ይይ። የ2000 የጣሊያን ፊልም ነው፣ ዳይሬክተሩ ሲልቪዮ ሶልዲኒ። አንዲት የቤት እመቤት ለሽርሽር በሄዱበት አውቶቡሱ ጥሏት ይሄድና ቬኒስ ትገባለች። እዛ አንድ የአይስላንድ ሰው አስተናጋጅ ያስጠጋታል። እሱ ነው ጋንዝ። ጣሊያንኛ የሚናገረው ከድሮ መጽሐፍ የተማረ ይመስል በከበደ ቋንቋ ነው፣ ሰላምታው ሳይቀር ግጥም ነው። ሰውየው ግን በየማታው ራሱን ሊሰቅል ገመድ ያያል። እና ኮሜዲ ነው! የጣሊያን ትልቁን የፊልም ሽልማት፣ ዴቪድ ዲ ዶናቴሎን፣ በምርጥ ተዋናይነት በዚህ ነው ያገኘው። የስዊዝ ሰው በጣሊያን ፊልም የአይስላንድ ሰው ሆኖ።

በዛው 2000 ደግሞ ሽታይን የጀርመኑን ባለቅኔ የጎተን ተውኔት ፋውስትን አንድ መስመር ሳይቀነስ መድረክ ላይ አወጣው። ሁለቱም ክፍል፣ ከ12 ሺህ በላይ ስንኝ፣ ከነእረፍቱ 21 ሰዓት ገደማ። ሽማግሌውን ፋውስት የሚጫወተው ጋንዝ ነበር፣ ልምምድ ላይ ወድቆ ተጎዳና ሃኖቨር ላይ ሲከፈት አልደረሰም። ወጣቱን ፋውስት የያዘው ክርስቲያን ኒክል የሱንም ሸፈነለት። ጋንዝ በኋላ በርሊን ላይ ገባበት።


የድሮ ሰው ከፍራንክፈርት፦

ሚጡ፣ ቀለበቱን ረሳሽው!

ኢፍላንድ የሚባል የ18ኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ ተዋናይ ነበር። በሱ ስም የተሰየመ ቀለበት አለ፣ በጀርመንኛ ቴአትር ትልቅ ነው ለሚባለው ተዋናይ የሚሰጥ። ኮሚቴ የለውም፣ ምርጫ የለውም። የያዘው ሰው ተተኪውን በደብዳቤ ጽፎ ያሽገዋል፣ ሲሞት ይከፈታል። ከጋንዝ በፊት ኦስትሪያዊው ዮሴፍ ማይንራድ ነበር የያዘው። በ1996 ሲሞት ደብዳቤው ተከፈተ፣ ጋንዝ የሚል ስም ወጣ።

ቀለበቱ መጥፎ ታሪክም አለው። አልበርት ባሰርማን የሚባለው ባለቀለበት ሦስት ሰው መረጠ፣ ሦስቱም እሱን ቀድመው ሞቱ። የሦስተኛው ቀብር ላይ ቀለበቱን ሬሳ ሣጥኑ ላይ አስቀመጠው፣ ከዛ በኋላ ለማንም አልሰጥም አለ። ጋንዝም እንደዛው ደረሰበት። መጀመሪያ የመረጠው ተዋናዩን ጌርት ፎስን ነበር፣ ፎስ በ2014 ሞተ። ደብዳቤውን እንደገና መጻፍ ነበረበት፣ የንስ ሃርዘር የሚባለውን ተዋናይ ስም ጻፈ። አሁን ቀለበቱ ሃርዘር ጋ ነው።


የቃዛንቺሱ፦

ይሄ ቀለበቱ ራሱ ፊልም ይወጣዋል። መጨረሻው እንዴት ነበር? እስከ መቼ ሠራ?


ሚጡ ዘመድረክ፦

እስከ መጨረሻው ነው የሠራው። በ2015 ሃይዲ ላይ ተራራ ላይ የሚኖረውን አያት ሆነ፣ ልጆች ካሉህ ከነሱ ጋር እየው። በ2017 ዘ ፓርቲ ላይ በሰው ሁሉ ላይ ምክር የሚያዘንብ አስቂኝ ሰውዬ ነው፣ 71 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ አትሰለችም። በ2018 የላርስ ፎን ትሪየር ዘ ሃውስ ዛት ጃክ ቢልት ላይ ነፍሰ ገዳዩን ወደ ሲኦል የሚመራው ሰው ነው፣ አብዛኛውን ፊልም በድምፅ ብቻ ነው ያለው። ይሄን ግን ለደካማ ልብ አልመክርም።

በዛው ዓመት በጋ ላይ ሳልዝቡርግ የሞዛርት ኦፔራ ላይ ተራኪ ሊሆን ልምምድ ላይ እያለ ካንሰር ተገኘበት። ክላውስ ማሪያ ብራንዳወር ተካው። በየካቲት 2019፣ የበርሊን ፊልም ፌስቲቫል ሳያልቅ፣ ዙሪክ ቤቱ ውስጥ አረፈ። 77 ዓመቱ ነበር። በግንቦት ወር ካን ላይ የቴሬንስ ማሊክ ኤ ሂደን ላይፍ ታየ፤ ለሂትለር አልምልም ያለ የኦስትሪያ ገበሬ እውነተኛ ታሪክ ነው። ጋንዝ እዛ ውስጥ ገበሬውን የሚዳኘው ወታደራዊ ዳኛ ነው። ዕድሜ ያደቀቀው ፊት፣ ጥቂት ቃል፣ ከፍርዱ በፊት ሰውየውን ለብቻው ጠርቶ "በእኔ ትፈርዳለህ?" ዓይነት ንግግር ይገጥማል። ገበሬው ወጥቶ ሲሄድ ጋንዝ እስረኛው በተቀመጠበት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ምንም አይልም።

ቅደም ተከተሉን ለጠየቅከው፣ በእኔ ቤት ብሬድ ኤንድ ቱሊፕስ፣ ከዛ ዊንግስ ኦፍ ዲዛየር፣ ከዛ ይሄኛው።


የድሮ ሰው ከፍራንክፈርት፦

የለም፣ ዘ አሜሪካን ፍሬንድ ይቅደም። ዊንግስ ዝግ ያለ ነው፣ ልጁ ሳይለምድ ገብቶበት እንቅልፍ ቢወስደው ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።


ፖፕኮርን፦

አንድ ጥያቄ ብቻ። ኦስካር እንዴት አላገኘም?


የድሮ ሰው ከፍራንክፈርት፦

ለዕጩነትም አልቀረበም። ዳውንፎል ራሱ በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ታጭቶ በስፔኑ ዘ ሲ ኢንሳይድ ተሸነፈ፣ የሃቪየር ባርዴሙ። የዛ ዓመት ምርጥ ተዋናይ ሬይ ላይ የሠራው ጄሚ ፎክስ ነው። ሬይን ደግሞ ወድጄዋለሁ፣ እንዳልሳደብ።